የቶኪዮ ምክር በፍኖተ ሰላም ጭቃ ቤት

አክስቴ የምትኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ በቴሌግራም አንድ ምስል ላከችልኝ። ከነጭ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ረጅም ቁም ሳጥን ነው፤ አናቱ በሁለት የኤል ቅርጽ ብረት ከግድግዳው ጋር ተይዟል፤ አጠገቡ አረንጓዴ የ«ትክክል» ምልክት አለ። ከሥሩ ከባድ የቤት ዕቃዎችን ከግድግዳ ጋር እንድናስር የሚመክር የአማርኛ ጽሑፍ ይነበባል። ቀጥሎ በድምፅ እንዲህ አለችኝ፤ «አንተ ልጅ፣ የኔ ግድግዳ ጭቃ መሆኑን ታውቃለህ። ይሄን ብረት የምመታው ጭቃው ላይ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ይባስ ብሎ ያንኑ ምስል እኔ ራሴ ከሳምንት በፊት ለተማሪዎቼ አጋርቼው ነበር።

ወቅቱን ታስታውሱታላችሁ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ እረፍት አጥቶ ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጠኑ 5.7 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። የካቲት 7 ሌሊት ደግሞ 6.0 የተለካ መጣ። በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። የጥንቃቄ ምክሮች በየስልኩ የጎረፉትም ያኔ ነው።

ምክሮቹ ከየት መጡ? ምስሎቹን ወደ ኋላ ብትከተሏቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርሷችሁ ወደ ሁለት ዓይነት ምንጭ ነው። አንዱ የጃፓን ነው፤ ምሳሌው የቶኪዮ አስተዳደር በ2015 እ.ኤ.አ. ለከተማዋ ቤተሰብ ሁሉ በነጻ ያደለው ቢጫ ሽፋን ያለው «ቶኪዮ ቦሳይ» የተባለ መጽሐፍ ነው። ሌላው የአሜሪካ ነው፤ የአገሪቱ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ፣ ኢ-74 በሚል ቁጥር የሚታወቅ ወፍራም መመሪያ አለው። ሁለቱም ጥሩ መጻሕፍት ናቸው። ቅሬታዬ በዋናነት አተረጓጎማችን ላይ ነው። ሥዕሉን ተረጎምን፣ ምክንያቱን እዚያው ተውነው። እስቲ ሁለቱን መጻሕፍት ይዘን ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ካለ አንድ ቤት እንግባ።

ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ምዕራብ ጎጃም አፋር አይደለም። ፍኖተ ሰላም ከፈንታሌና ከዶፈን በአየር መስመር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንጻ ኮዳችንም ሆነ በ2015 የተተካው ከፍተኛውን ቁጥር የሚሰጡት ለስምጥ ሸለቆውና ለአፋር ነው፤ የምዕራቡ ደጋ ከዝቅተኞቹ መደቦች ነው። በአማራ ክልል ክፉኛ የሚታወሰው ጥፋትም የደረሰው በምሥራቁ ጫፍ ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ከራቆሬ አካባቢ በተነሣው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈራርሳለች፤ የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የሰበሰበው ፒየር ጉዌን በሰፊው ጽፎበታል። ስለዚህ ለፍኖተ ሰላም ሰው «ነገ ቡፌህ ይወድቅብሃል» ብሎ ማስፈራራት ሐቀኝነት አይደለም። የተዘዋወሩት ምክሮች የመጀመሪያ ጥፋታቸው ይሄ ነው፤ አዋሽና ቡሬ አንድ አገር ስለሆኑ ብቻ አንድ ዓይነት ስጋት አላቸው ብለው ተነሡ።

ታዲያ ጉዳዩን እንዝጋው? አይደለም። ወደ ኋላ ላይ እንደምታዩት፣ በምዕራብ ጎጃም ቤቶች ውስጥ ለመውደቅ መሬት እስኪንቀጠቀጥ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ።

የቶኪዮ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት በቅርብ ዓመታት በጃፓን በደረሱ መንቀጥቀጦች ከተጎዱት ሰዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት የተጎዱት በወደቀ፣ በተንሸራተተ ወይም ከላይ በረገፈ ዕቃ ነው ይላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን ከሥሩ ያልተጻፈ ነገር አለ። ቶኪዮ ውስጥ ዕቃው ዋና አደጋ የሆነው ቤቱ ስለሚቆም ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኔፓል ላይ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ሲሞት ገዳዩ ቁም ሳጥን አልነበረም፤ በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ነበር። እኛ ቁጥሩን ስንገለብጥ ይሄን ቅድመ ሁኔታ ጣልነው።

አሁን ወደ ቡፌው እንምጣ። አንድ ዕቃ መቼ ነው የሚወድቀው? የክብሪት ቀፎ ትሪ ላይ አቁሙና ትሪውን በቀስታ አዘንብሉት። በአንድ የተወሰነ ዝንባሌ ላይ ይገለበጣል። መሬት በጎን ሲገፋም ለዕቃው ስሜቱ ተመሳሳይ ነው፤ ወለሉ ለቅጽበት ያዘነበለ ያህል ይሆንበታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጃፓን ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ሚልንና ባልደረቦቹ ይሄንኑ ሐሳብ ተጠቅመው፣ ከመንቀጥቀጥ በኋላ የወደቁ የመቃብር ድንጋዮችን እየለኩ መሬቱ ምን ያህል እንደገፋ ይገምቱ ነበር። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ነው፤ የዕቃውን የጎን ውፍረት ለቁመቱ አካፍሉ። 45 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 180 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቡፌ 0.25 ይሰጣችኋል። መሬቱ ከስበት ኃይል ሩብ በሚያህል ጉልበት በጎን ካልገፋው አይነሣም ማለት ነው። 30 በ200 የሆነ የመጻሕፍት መደርደሪያ ግን 0.15 ነው። (ጥንቃቄ፦ ሒሳቡ የሚነግራችሁ ዕቃው መወዛወዝ የሚጀምርበትን ነው። ሐውስነር የተባለው መሐንዲስ በ1963 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ቅርጻቸው አንድ ከሆነ ትልቁ ከትንሹ ይልቅ ለመገልበጥ ያስቸግራል።)

እነዚህን ቁጥሮች ከኮዱ ጋር አስተያዩ። የ2015ቱ ኮድ ለአገሪቱ እጅግ አስጊ ቦታ የሚሰጠው የዐለት ላይ ግፊያ 0.2 ነው፤ የምዕራብ ጎጃም ከዚያ በብዙ ያንሳል። እንግዲህ መሬት ላይ ባለ ቤት ውስጥ የቆመ ደልዳላ ቡፌ የአክስቴ ዋና ስጋት አይደለም። ቡሬ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ሕንጻው ግፊያውን ወደ ላይ እያበዛው ይሄዳል፤ ከታች ያልተሰማው ከላይ ብርጭቆ ሊያረግፍ ይችላል። ለማንኛውም የምስሉ ጀግና የነበረው ቁም ሳጥን ከዝርዝሩ ወደ ታች ወረደ።

ግን ማሰር ብንፈልግስ? የአክስቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው መመሪያ ብሎኑን ከግድግዳው ሽፋን ጀርባ ያለው ቋሚ እንጨት ላይ ምቱ ይላል፤ የአሜሪካ ቤት በአብዛኛው የእንጨት አጥንት ስላለው ነው። ተርጓሚዎቻችን «ግድግዳ ላይ» ብለው አለፉት። ልብ በሉ፣ በዚህ ነገር ለአሜሪካ ቤት ይበልጥ የሚቀርበው የብሎኬቱ ቪላ ሳይሆን የአክስቴ ጭቃ ቤት ነው! ከምርጊቱ ሥር የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ማገሩ በአግድም ያያይዛቸዋል። በጣት መገጣጠሚያ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ ብትሄዱ ድምፁ የሚደነድንበት ቦታ ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ረጅም ብሎን ይገባል። ካልሆነም ጭቃውን በትንሹ ፈልፍሎ ሽቦ በማገሩ ዙሪያ አዙሮ መልሶ መምረግ ይቻላል። አንድ ፈተና ግን አለ፤ ካቻቢቴውን እንጨቱ ላይ ተጫኑት። እንደ ዳቦ ከገባ ምስጥ በልቶታል፤ ቡፌውን ተዉትና ስለ ቤቱ አስቡ።

ብሎኬት ላይ ነው ችግሩ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ትራፓኖው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከበላ በኋላ ስልት ብሎ ይገባል፤ ፊሸሩ የሚይዘው ያችን ቀጭን ቅርፊት ብቻ ነው። ለሥዕል ማንጠልጠያ ይበቃል፣ ለሙሉ ቡፌ ግን አይበቃም። የሚታመነው የአርማታ ኮለኑ ወይም ቢሙ ነው፤ ዕቃውን ወደ እሱ ማስጠጋት ብረቱን ከማብዛት ይሻላል። ከዕቃው በኩልም ብሎኑ የሚገባው ከኋላ በተለጠፈችው ስስ ጣውላ ሳይሆን በላይኛው ፍሬም ነው። ብረቱ ራሱ ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ማንኛውም ብየዳ ቤት ከቁራጭ አንጎላሬ ይቆርጥላችኋል።

የጃፓኑ ምክር ሌላ ዘዴ አለው፤ ከዕቃው አናት እስከ ኮርኒስ ተወጥሮ የሚቆም ዘንግ። ይሄኛውም ምስል በአማርኛ ሲዞር አይቼዋለሁ። የፍኖተ ሰላም ኮርኒስ ቺፑድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ብዙ ቤት ግን የተወጠረ ጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ዘንጉን ምኑ ላይ ልታስደግፉት ነው? ይሄን ያጋራ ሰው ቀና ብሎ የራሱን ጣሪያ አላየም።

አሁን የትኛውም መጽሐፍ ወዳልጻፈው ነገር። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። ወንበርማ፣ ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ከመኸር በኋላ ገበሬው ቤት ብትገቡ የቤቱ ትልቁ «ፈርኒቸር» ቡፌ አይደለም፤ የተደረደረ ጆንያ ነው። ድሮ እህል በጎታና በጎተራ ነበር። ጎታ ከታች ሰፋ ብሎ የሚቀመጥ ከባድ ነገር ነው፤ ባዶውን ካልሆነ በስተቀር በቀላሉ አይገለበጥም። አሁን ግን ነቀዝ አለ፣ ሌባ አለ፣ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ አለ፤ እህሉ በጆንያ ሆኖ ወደ መኝታ ክፍል ገባ። አንዱ ጆንያ 100 ኪሎ ነው። ስድስት ተደራርቦ ከሰው ቁመት ሲስተካከል በአንድ ዓምድ 600 ኪሎ ቆመ ማለት ነው። ከሥሩ አልጋ አለ። አልጋው ላይ ብዙ ጊዜ የሚተኙት ልጆች ናቸው።

ጆንያ እንደ ቡፌ ደረቅ አካል ስላልሆነ ያ የማካፈል ሒሳብ አይሠራለትም። ባሕርዩ ሌላ ነው፤ ይረግባል፣ ይንሸራተታል። የድሮው የቃጫ ጆንያ ሸካራ ነበር፤ የዛሬው የላስቲክ ክር ጆንያ ሙልጭልጭ ነው። ነቀዝን አየር በመንፈግ የሚገድለው ባለ ሦስት ሽፋኑ ፒክስ ከረጢት ለእህሉ ትልቅ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን እሱም ላዩ የላስቲክ ክር ነው። አይጥ የታችኛውን አንዱን ጥግ ከቀደደች ፍሬው ቀስ በቀስ ይፈሳል፣ ዓምዱ ያዘነብላል። ይሄ ሁሉ ሲሆን መሬት አልተንቀጠቀጠም። ትንሽ መንቀጥቀጥ ቢጨመርበት ደግሞ ለመውደቅ የተዘጋጀውን ያወርደዋል።

እዚህ ላይ የተተረጎመው ምክር ይባስ ያሳስታል። ከግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ እሰሩ ይላላ! የግብርና ባለሙያው ደግሞ ከግድግዳና ከወለል አርቁ ይላል፤ እርጥበት እህሉን ያሻግተዋልና። ሁለቱን ሰምቶ ገበሬው ምን ያድርግ? ባለሙያው ትክክል ነው። ለእህል መፍትሔው ማሰር ሳይሆን ማሳጠር ነው፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከሦስት ድርብ ሳይበልጥ፣ የላይኛው ጆንያ በታችኞቹ ሁለት መጋጠሚያ ላይ እንዲያርፍ እንደ ጡብ አቆላልፎ መደርደር። አልጋውን ደግሞ ከዓምዱ ቁመት በላይ ማራቅ። ቦታ ይፈጃል፣ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ያልተጻፈ ነገር ከቤት ውጭ ነው፤ ሮቶ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየግቢው በብረት እግር ላይ ተሰቅሎ ታዩታላችሁ። ሁለት ሺህ ሊትር ማለት ሁለት ቶን ማለት ነው። ሒሳባችንን እንመልሰው፤ አሁን ግን ክብደቱ በሙሉ አናት ላይ ስለሆነ የመሠረቱን ግማሽ ለክብደቱ ማዕከል ከፍታ ነው የምናካፍለው። የእግሮቹ ስፋት አንድ ሜትር፣ የውኃው መሐል ከመሬት 3.5 ሜትር ቢሆን፦ 0.5 ሲካፈል ለ3.5፣ ወደ 0.14። ከቡፌው በግማሽ ሊጠጋ ያነሰ! ለዚያውም እግሮቹ በደንብ የተበየዱና ያልዛጉ ሆነው ነው። ብየዳው ከለቀቀ ቁጥሩም ትርጉም የለውም። እግሩን ማስፋት፣ በመስቀልያ ብረት ማያያዝና በአርማታ መቅበር ዕቃ ቤት ካለው ማንኛውም ማሰሪያ የበለጠ ሕይወት ያድናል ብዬ አምናለሁ። የጃፓኑን መጽሐፍ ላነበበ ሰው ግን ሮቶ የቤት ዕቃ አይደለምና ዓይን ውስጥ አይገባም።

የአሜሪካውን መመሪያ እዚህ ላይ ላመስግነው። ቀዳሚ ትምህርቱ ከሕንጻው አጥንት ውጪ ያለው ሁሉ ዕቃ ነው የሚል ነው፤ ኮርኒስ፣ መከፋፈያ ግድግዳ፣ ጣሪያ ላይ ያለ ታንከር ሁሉ። ይሄን ገጽ የተረጎመ አላየሁም፤ የሚዞረው የቁም ሳጥኑ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቴሌቪዥን ነው፤ ይሄኛው መጻሕፍቱም ውስጥ አለ። ረጅም መሳቢያ ላይ ተቀምጦ ሕጻን መሳቢያውን እንደ መሰላል ሲወጣው ከነመሳቢያው ይመጣል። ኢኬያ የተባለው የዕቃ ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ወደ 29 ሚሊዮን የሚጠጉ መሳቢያዎቹን ለመመለስ የተገደደው ሕጻናት ተጭኗቸው ስለሞቱ ነው። መንቀጥቀጥ አልነበረም። መፍትሔው ግን ያው የምስሉ ብረት ነው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ያንን ብረት ለመምታት ምክንያት ስጡ ብትሉኝ የማስቀድመው መንቀጥቀጡን ሳይሆን የሦስት ዓመቷን ልጅ ነው። ሁለቱንም አንዱ ብሎን ይሠራል፤ ግን ሰው የሚያምነውን ምክንያት ነው መንገር ያለብን።

እግረ መንገዴን፣ ማሰር ለኛ አዲስ ነገር የሚመስለን ካለን ጀበናውን እንይ። ታቹ ክብ የሆነ ሸክላ በማቶት ላይ ይቀመጣል። የሙዚየም ባለሙያዎች ክብ ሸክላን ከመንቀጥቀጥ ለመጠበቅ የሚጠቀሙበት ቀለበት አሠራሩ ያው ነው፤ አንዳንዴም ሸክላው ውስጥ አሸዋ ይጨምራሉ፣ ክብደቱ ወደ ታች እንዲወርድ። «ማቶት ለጀበና፣ ብረት ለቴሌቪዥን» ብሎ ማስረዳት ከአረንጓዴው ምልክት በተሻለ ይገባ ነበር።

የቀረው የበሩ ጉዳይ ነው። «ወለል ላይ ዝቅ በሉ፣ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ያዙ» የሚለው ምክር ለማይፈርስ ሕንጻ የተሠራ ነው። ጂኦሃዛርድስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከባድ ጣሪያ ባለው የጭቃ ጡብ ቤት፣ ምድር ቤት ላይ፣ በር አጠገብ ላለ ሰው ፈጥኖ ወደ ሜዳ መውጣትን እንደ አማራጭ ያስቀምጣል። የእንጨትና ጭቃ ቤት በቆርቆሮ ከተከደነ ቀላልና ተለጣጭ ነው፤ ከድንጋይ ግድግዳ በእጅጉ ይሻላል። ፎቅ ላይ ላለ ግን መዝለል የከፋ ነው፤ ጥር 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ መለስተኛ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ተማሪዎች የተጎዱት በድንጋጤ ከሕንጻ ሲዘሉ ነበር። በየትኛውም ቤት ግን በሩ መከፈት አለበት። ብዙ ቤታችን አንድ በር ነው ያለው፤ ከበሩ ጀርባ ጄሪካን፣ ማዳበሪያ፣ አንዳንዴም ቤንዚን ይቆለላል። ቤንዚኑን ዛሬውኑ ከምድጃ አርቁት፤ ለዚህ መንቀጥቀጥ አያስፈልግም።

አክስቴ በመጨረሻ ምን አደረገች? ብየዳ ቤት ሄዳ ሁለት ቁራጭ አንጎላሬ አስቆረጠች፤ የጎረቤት ልጅ ቋሚውን አንኳኩቶ አግኝቶ መታላት። ቴሌቪዥኑ ወደ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ወረደ። ጆንያዎቹን ስጠይቃት ሳቀች። «ቦታ የት አለና? ዋጋው ሲሻል እሸጠዋለሁ፣ ያኔ ያጥራል።» የልጅ ልጇ አልጋ ግን ወደ ሌላው ግድግዳ ዞሯል፤ ፎቶውን ልካልኛለች። ዓምዱ አምስት ድርብ ነው።